«ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የምትለዋ መስመር፦ በሎስ አንጀለስ ለምትኖሩ ወገኖች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሎስ አንጀለስና በዙሪያዋ ቤት ለገዛችሁ፣ ለተከራያችሁ፣ ልጅ ኮሌጅ ላስገባችሁ፣ ራሳችሁም ከሥራ መልስ ለምትማሩ ወገኖቻችን በሙሉ።

ጤና ይስጥልን። የምንጽፍላችሁ በሕዝብ ግንባታ ሒሳብና በኮንትራት ክትትል ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን። ጉዳያችን የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቦንድ ነው። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ብዙ ሰው ፕሬዚዳንቱንና ከንቲባውን መርጦ፣ ታች ያሉትን ጥያቄዎች ደክሞት ይተዋቸዋል። ቦንዱ ያለው እዚያ ታች ነው። ዕዳው ደግሞ ከተመረጠው ሰው የሥልጣን ዘመን ይልቅ እጅግ ረጅም ነው፤ ዛሬ «አዎ» የተባለበት ቦንድ አሁን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የራሱን ቤት ከገዛም በኋላ ይከፈላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ለአብዛኞቻችን ቦንድ ሲባል ትዝ የሚለን የህዳሴው ግድብ ነው። ገንዘብ ሰጥተን ወረቀት ተቀበልን፤ አበዳሪዎቹ እኛ ነበርን። ያም ቢሆን እዚህ አገር ጣጣ አምጥቷል፦ ከ2011 ጀምሮ አሜሪካ ለሚኖሩ ከ3,100 በላይ ሰዎች የተሸጠው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ቦንድ በዚህ አገር ሕግ ሳይመዘገብ ስለተሸጠ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2016 ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የምርጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ቦንድ ግን ግልባጩ ነው። አበዳሪው የኢንቨስትመንት ፈንድ ወይም የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ ተበዳሪው ስቴቱ ወይም ኮሌጁ ነው፤ ከፋዮቹ እኛ ነን። «አዎ» ያለ ሰው ለብድር ዋስ ሆኖ ፈረመ ማለት ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ ውሉን ያነባል።

ዕዳው ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው የስቴቱ ነው። በኖቬምበር 2024 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 2 የ10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው፤ 8.5 ቢሊዮኑ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ትምህርት ቤቶች፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለኮሙኒቲ ኮሌጆች። የስቴቱ የሕግ አውጪ ተንታኝ ቢሮ እንዳሰላው በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለ35 ዓመት ይከፈልበታል፤ አባዙት፣ 17.5 ቢሊዮን ይመጣል። ይህ ከስቴቱ ጠቅላላ ካዝና ስለሚወጣ በቤታችሁ ግብር ላይ የተለየ መስመር የለውም። ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያም ሆነ ለካል ስቴት ካምፓሶች ከዚህ ቦንድ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ሁለቱ ከስቴት ቦንድ ድርሻ ያገኙት ለመጨረሻ ጊዜ በ2006 ነበር። በማርች 2020 ለእያንዳንዳቸው 2 ቢሊዮን የያዘ የ15 ቢሊዮን ቦንድ ለድምፅ ቀርቦ ወደቀ። ቁጥሩም አልረዳውም፤ ፕሮፖዚሽን 13 ነበር የተባለው፣ በ1978 የቤት ግብርን የገደበውን ታዋቂ ሕግ ስም ይዞ። ከ2013 እና 2014 ወዲህ ሁለቱም ለሕንፃ የሚበደሩትን ከራሳቸው ዓመታዊ በጀት እንዲከፍሉ ስለተደረገ፣ የሚያፈሰው ጣሪያና የመምህሩ ደመወዝ ከአንድ ኪስ ይሻማሉ። ማደሪያ ሕንፃ ሲሆን ይቀላል፤ ተማሪው የሚከፍለው ኪራይ ዕዳውን ይሸፍናል። ኪራይ የማይገባበት ላቦራቶሪ ነው ወረፋ ሲጠብቅ የሚኖረው።

ሁለተኛው ዕዳ የአካባቢያችን ነው፤ ደብዳቤያችንም በዋናነት ስለዚሁ ነው። የሎስ አንጀለስ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ዲስትሪክት ዘጠኝ ኮሌጆች አሉት፤ በቨርሞንት ያለው ሲቲ ኮሌጅ፣ ትሬድ ቴክ፣ ዌስት ሎስ አንጀለስ እና ሌሎቹ። ከ2001 ወዲህ መራጩ አምስት ጊዜ ቦንድ አጽድቆለታል፦ በ2001 1.245 ቢሊዮን፣ በ2003 980 ሚሊዮን፣ በ2008 3.5 ቢሊዮን፣ በ2016 3.3 ቢሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 5.3 ቢሊዮን ዶላር። ሲደመር ከ14.3 ቢሊዮን ይበልጣል፣ ወለዱ ሳይቆጠር።

አሁን ኦክቶበር ላይ ካውንቲው የሚልከውን የንብረት ግብር ወረቀት አውጡ። ባንኩ ከወር ክፍያችሁ ላይ እየያዘ የሚከፍልላችሁ ከሆነ አንብባችሁት አታውቁ ይሆናል፤ በአሥር አኃዙ የቤት መለያ ቁጥር ከካውንቲው ድረ ገጽ ይገኛል። አናቱ ላይ ጠቅላላ ግብር አለ፣ የተገመተው ዋጋ 1 በመቶ። ከሥሩ «ቮትድ ኢንዴትድነስ» ይላል፤ ሕዝብ በድምፁ የገባው ዕዳ ማለት ነው። የከተማው፣ የውሃው፣ የትምህርት ቤቱ ዕዳ በየመስመሩ ተዘርዝሮ መካከል ላይ «ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የምትል መስመር ታገኛላችሁ። የአምስቱም ቦንድ ክፍያ በዚያች አንድ መስመር ተጠቃሏል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ55 በመቶ ድምፅ የሚያልፍ የኮሙኒቲ ኮሌጅ ቦንድ፣ ለአንድ ምርጫ፣ ከተገመተ ዋጋ በየ100,000 ዶላሩ ከ25 ዶላር በላይ ያስከፍላል ተብሎ መተንበይ የለበትም። ቤታችሁ 600,000 ተገምቶ፣ በቤቱ ለሚኖር ባለቤት የሚቀነሰው 7,000 ሲነሳ 593,000 ይቀራል፤ በዓመት እስከ 148 ዶላር ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። ጎረቤታችሁ ተመሳሳይ ቤት አምና በ950,000 ገዝቶ ከሆነ ለዚያው ኮሌጅ 235 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይደርስበታል፤ ቤት እስኪሸጥ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ስለማያድግ፣ ቀድሞ የገዛ ብዙውን ጊዜ ይጠቀማል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ገደቡ ለእያንዳንዱ ምርጫ ለየብቻ ነው፤ አምስት ቦንድ ካለ አምስት ገደብ አለ። ደግሞም 25ቱ ዶላር ቦንዱ ሲሸጥ የሚሠራ ትንበያ ነው። የቤት ዋጋ ወርዶ ግምቱ ቢቀንስ፣ ካውንቲው ዕዳውን ለመክፈል የሚበቃውን ያህል የመጣል ግዴታ አለበት። ተከራይ የሆናችሁም «አይመለከተኝም» አትበሉ፤ አከራዩ ሲያድስ ኪራይ ላይ የሚጨምረው ከኪሱ የወጣውን ሁሉ አስቦ ነው።

የ55 በመቶው ሕግ ፕሮፖዚሽን 39 ይባላል፤ በ2000 ነው የጸደቀው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መራጩ መስፈርቱን ዝቅ ሲያደርግ በምትኩ የተቀበላቸው ግዴታዎች አሉ፦ የፕሮጀክቶቹ ዝርዝር አስቀድሞ መታተም አለበት፤ በየዓመቱ የሒሳብም የአፈጻጸምም ኦዲት ይደረጋል፤ ገንዘቡ ለመምህርና ለአስተዳዳሪ ደመወዝ ወይም ለመደበኛ ሥራ ማስኬጃ አይውልም፤ የዜጎች ክትትል ኮሚቴም ይቋቋማል። ከደመወዙ እገዳ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። የግንባታውን ሥራ የሚያስተዳድሩ ሠራተኞች በዚያ ሥራ ላይ ያጠፉት ሰዓት ከቦንዱ ሊከፈል ይችላል፤ የስቴቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በ2004 እንዲያ ብሎ ተርጉሞታል። የሰዓት መዝገቡ ካልተያዘ ማን ምን እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ሁሉ እያለም ገንዘብ ይባክናል። በ2011 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ተከታታይ ዘገባና የስቴቱ ኮንትሮለር ኦዲት የዚህኑ ዲስትሪክት የግንባታ ፕሮግራም በዕቅድ ማነስና በክትትል መላላት ክፉኛ ተችተውታል። ያ ሁሉ የሆነው ኮሚቴም ኦዲትም በወረቀት ላይ እያለ ነው። ስለዚህ «ቦንድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ከሚለው ክርክር ይልቅ፣ ገንዘቡ የት ቦታ ላይ እንደሚፈስ ማወቁ ይጠቅማል።

የካምፓስ ጤና ከመሬት በታች ነው። ሲቲ ኮሌጅን ውሰዱ፤ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ወደ ዌስትውድ ሲሄድ በ1929 የቀረው ግቢ ላይ ነው የተቋቋመው። እንዲህ ባለ ዕድሜ ጠገብ ግቢ ቧንቧና ገመድ በየዘመኑ ይደራረባል፤ የተቀበረውን በትክክል የሚያሳይ ፕላን ሁልጊዜ አይገኝም። ከመቆፈር በፊት 811 መደወል ግዴታ ነው፤ የውሃ፣ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶቹ መጥተው ምልክት የሚያደርጉት ግን የየራሳቸውን መስመር ብቻ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ ያለው፣ የኮሌጁ ጣጣ ነው። ኤክስካቫተሩ ያልተመዘገበ መስመር ሲመታ ሥራው ይቆማል፤ ማሽኑና ሠራተኛው ቆመው ይከፈላቸዋል፤ ዲዛይኑ እንደገና ይሳላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲዛይኑ ከማለቁ በፊት በቫኪዩም ትናንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ የቧንቧውን ጥልቀትና ቦታ በዓይን አይቶ መመዝገብ፣ የፍሳሹን መስመር በካሜራ መፈተሽ። ይህን ቅድመ ጥናት በጀት ለመቆጠብ ብሎ የዘለለ ፕሮጀክት ያተረፈውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይከፍላል።

ማዕከላዊ ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። አንድ ጣቢያ ውሃውን ወደ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ አቀዝቅዞ በቧንቧ ለየሕንፃው ያድላል። አንዱን ሕንፃ ለይቶ የሚዘጋው ቫልቭ ዝጎ ካልዞረ፣ የአንድ ክፍል ጥገና የግማሹን ካምፓስ ማቀዝቀዣ ያስዘጋል። ዋናው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ትራንስፎርመር ደግሞ ከታዘዙ በኋላ ለመድረስ ከዓመት በላይ ሊፈጁ ይችላሉ፤ ኮንትራክተሩ እስኪመረጥ ከተጠበቀ ሕንፃው አልቆ መብራት ይጠብቃል። የተሻለ የሚሠሩት ራሳቸው ቀድመው አዝዘው ለኮንትራክተሩ ያስረክባሉ። ቫልቭ ግን ሪባን አይቆረጥለትም፣ ፎቶም አይነሳም፤ መስታወት ፊት ያለው አዲስ ሕንፃ ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታየው ለዚህ ይመስለናል። ዝርዝሩን ስታነቡ «ዩቲሊቲ»፣ «ኢንፍራስትራክቸር»፣ «ማዕከላዊ ጣቢያ» የሚሉትን ፈልጉ፤ ከየትኛው ኮሌጅ ጋር፣ በስንት ገንዘብ እንደተጻፉም እዩ። «ሊያካትት ይችላል» የሚል አረፍተ ነገር ተስፋ እንጂ ግዴታ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጡን ጉዳይ ማንም አያቃልለው። በጃንዩዋሪ 1994 ኖርዝሪጅ ላይ በካል ስቴት ካምፓስ ከተሠራ ጥቂት ዓመት ብቻ የሆነው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ እንጂ ተማሪ በሞላበት ሰዓት ቢሆን ሌላ ታሪክ ነበር። የኮሙኒቲ ኮሌጅ ሕንፃ ሲሠራ ፕላኑን የሚያጸድቀው የስቴቱ አርክቴክት ክፍል ነው፤ መነሻው የ1933 የሎንግ ቢች መንቀጥቀጥን ተከትሎ የወጣው የፊልድ ሕግ ነው። ሳይት ላይ ክፍሉ የተቀበለው ተቆጣጣሪ ቆሞ ብረቱንና ኮንክሪቱን ይመዘግባል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሕንፃው ይመረቃል፣ ተማሪ ይገባል፣ የቀረው የተቆጣጣሪው የመጨረሻ ሪፖርት ወይም የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይገባ ፋይሉ «ያለ ማረጋገጫ ተዘጋ» ይባላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ሕንፃ ለማደስ ሲፈለግ የቀረው ወረቀት ይጠየቃል፤ ኮንትራክተሩ ግን የለም፣ ተቆጣጣሪው ጡረታ ወጥቷል። ከኮንትራክተሩ ክፍያ ተይዞ የሚቆየው 5 በመቶ ከመለቀቁ በፊት ይህ ወረቀት መግባቱን መጠየቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ቻንጅ ኦርደር፣ በአገር ቤት ሳይት ቫሪዬሽን የምንለው፣ በራሱ የሌብነት ምልክት አይደለም። ከመሬት ሥር ያልታየ ነገር ሲገኝ ይመጣል፤ የዲዛይን ስህተት ሲኖር ይመጣል፤ ኃላፊው ሐሳቡን ሲለውጥም ይመጣል። በመደበኛ ጨረታ በተሰጠ ውል ያለ አዲስ ጨረታ የሚጨመረው ከመጀመሪያው ዋጋ 10 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ገድቧል። ሪፖርቱ ላይ ጠቅላላ መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ በምክንያት ተከፋፍሎ ይቅረብ በሉ። ሦስተኛው ምክንያት የበዛበት ግቢ ውስጥ ችግሩ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው።

ስለ ብድሩ አኳኋን ደግሞ ጥቂት። 100 ሚሊዮን ዶላር በ4 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲከፈል በዓመት 5.78 ሚሊዮን፣ በድምሩ 173.5 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለ25 ዓመት ከሆነ በድምሩ 160 ሚሊዮን። የተፈቀደው ቦንድ ሁሉ በአንድ ቀን አይሸጥም፤ ከግብር ነፃ ቦንድ የሚሸጥ አካል ከገንዘቡ 85 በመቶውን በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚያወጣ በቂ ምክንያት ይዞ መጠበቅ አለበት። ዲዛይን ሳይኖር ቀድሞ የሸጠ፣ ባንክ ለተቀመጠ ገንዘብ ወለድ ያስከፍለናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳይከፈል ወለዱ በወለድ ላይ እንዲቆለል የሚደረገው ዓይነት ነው። በሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለ የፓዌ ትምህርት ዲስትሪክት በ2011 በዚህ መንገድ 105 ሚሊዮን ተበድሮ የሚመልሰው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ በ2013 የወጣ ሕግ የሚመለሰው ከተበደሩት አራት እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ዕድሜውም ከ25 ዓመት እንዳያልፍ ገደበ። የምርጫ መረጃ ቡክሌቱ ውስጥ «የግብር መጠን መግለጫ» የሚል ገጽ አለ፤ ዋናውና ወለዱ ተደምሮ በግምት ስንት እንደሚመለስና ግብሩ የሚያበቃበት ዓመት እዚያ ተጽፏል። ከድጋፍና ከተቃውሞ ጽሑፎቹ በፊት እሱን አንብቡ።

በዚያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛም ይታይ። የሎስ አንጀለስ የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት በ2013 በግንባታ ቦንድ አይፓድ መግዛት ጀምሮ በ2014 ውሉን አቋረጠ። በጥቂት ዓመት የሚያረጅ ዕቃ በ25 ዓመት ብድር መግዛት፣ ያለቀ ጫማ ዕዳ እንደ መክፈል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቦንድ አዲሱን ሕንፃ ይሠራል እንጂ የጽዳት ሠራተኛውን፣ የመብራቱን፣ የአየር ማጣሪያውን ወጪ አይችልም። ስፋት የጨመረ ኮሌጅ ይህን ከመደበኛ በጀቱ ካላዘጋጀ፣ ሕንፃው በ15 ዓመቱ ተጎሳቁሎ ለሚቀጥለው ቦንድ ምክንያት ይሆናል።

እኛ በአብዛኛው «አዎ» እንላለን፤ ያልታደሰ የመጸዳጃ ቧንቧ በየዓመቱ ዋጋው ይወደዳል። «አይሆንም» የምንለው ዝርዝሩ ኮሌጅ በኮሌጅ ካልተለየ፣ የቀድሞው ቦንድ ገና ሳይሸጥ አዲስ ከተጠየቀ፣ ወይም የአፈጻጸም ኦዲቱ ያነሳቸው ግኝቶች ከዓመት ዓመት እየተደገሙ ከሆነ ነው።

አሁን ወደ ኮሚቴው። ዕድራችን ውስጥ ገንዘብ ያዡን የማያምን ሰው ባይኖርም ሒሳብ መርማሪ ይመረጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የዜጎች ክትትል ኮሚቴ ቢያንስ ሰባት አባላት ይኖሩታል። ከንግዱ ማኅበረሰብ፣ ከአረጋውያን ድርጅት፣ ከግብር ከፋዮች ማኅበር፣ ከኮሌጁ ደጋፊዎችና ከተማሪዎች የሚወከሉ ቦታዎች በሕግ ተለይተዋል። የዲስትሪክቱ ሠራተኛ፣ ኮንትራክተር፣ አማካሪና ዕቃ አቅራቢ መሆን አይችሉም። ዘመኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ ደመወዝ የለውም። ኮሚቴው ፕሮጀክት አይመርጥም፣ ጨረታም አያጸድቅም፤ ወጪውን መርምሮ ለሕዝብ ሪፖርት ያወጣል። ሬስቶራንት፣ የሒሳብ ቢሮ ወይም የጭነት ሥራ ያላችሁ፣ የአረጋውያን ማኅበር የምትመሩ፣ ኮሌጅ ውስጥ በተማሪ ማኅበር የምትሳተፉ ወጣቶች፣ ቦታው ክፍት ሲሆን አመልክቱ። ለቦታው መሐንዲስ መሆን አይጠየቅም። ደረሰኝ ማንበብና ለመጠየቅ አለማፈር ይበቃል።

ኮሚቴ መግባት ለማትችሉም ስብሰባው ክፍት ነው። የዲስትሪክቱ ቦርድ መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ሕዝብ የሚናገርበት ሰዓትም አለ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። የመናገሪያው ሰዓት ከተገደበ፣ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ እንዲሰጠው የስቴቱ ሕግ ያዛል፤ ለሌላው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ለእናንተ አራት ነው። የግብር ወረቀቱን ይዛችሁ ተነሱና፣ በአማርኛ፣ ባለፈው ዓመት በዚህች መስመር የከፈልነው ለየትኛው ግቢ፣ ለየትኛው ቧንቧ እንደዋለ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕዝብ ግንባታ ሒሳብና ኮንትራት ክትትል ላይ የምንሠራ ወገኖቻችሁ